ክሩን የቆረጥነው እኛ ነን፦ ስለ ክሜር ሕፃናት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። በውጭ አገር ልጅ ስለማሳደግ ነው። ጸሐፊው እኛን ሐበሾችን ለመምከር የመረጡት ምሳሌ ግን ከኛ ቤት አይደለም፤ የካምቦዲያ ክሜሮችን ነው ያነሡት። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚያስፈልገው ፍቅር፣ ምግብና እንቅልፍ ነው፤ ባህል በኋላ ይደርሳል። ሁለት ቋንቋ ሕፃን ያደናግራል። የክሜር ባህል "እጅ ንሣ፣ ዝም በል" የሚል ስለሆነ የልጅን ስሜት ያፍናል። አያቶች በፖል ፖት ዘመን ያዩት መከራም ከባህሉ ጋር ተጠቅልሎ ወደ ልጁ ይሄዳልና ባህሉ ቢቀርበት ይሻላል። ደግሞ የግድ ካስፈለገ በዓመት ሁለት በዓል ይበቃል።

እኔ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ረዳት ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከካምቦዲያ ውጭ ካሉት የክሜር ሰፈሮች ትልቁ የሚባለው እዚህ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የኛ ሰፈር በ2002 "ሊትል ኢትዮጵያ" እንደተባለ፣ አናሃይም ጎዳና ላይ ያለው የነሱ ደግሞ በ2007 በይፋ "ካምቦዲያ ታውን" ተባለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሊቅ አይደለሁም፤ ክሜርኛዬም ከሠላሳ ቃል አያልፍም። ግን ጸሐፊው ከነዚህ ልጆች አንዱን እንኳ አቅፈው ያባበሉ ስላልመሰለኝ ነጥባቸውን አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ፍቅር፣ ባህል በኋላ የሚለው ሲሰሙት ደስ ይላል። ፍቅርን ማን ይጠላል? ነገር ግን ፍቅር ባዶ እጁን አይመጣም። ልጅ የሚወደደው በሆነ ቃል፣ በሆነ ዜማ፣ በሆነ አስተቃቀፍ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ የአራት ዓመት ልጅ አንጓው ላይ ቀይ ክር ታስሮለት መጣ። ቅዳሜ ዕለት ከመንሸራተቻ ወድቆ ክፉኛ ደንግጦ ነበር። ረፋዱ ላይ ልጆቹ በጣታቸው ቀለም ሲቀቡ ክሩ በአረንጓዴ ቀለም ተነከረ፤ አንዲት ባልደረባዬ ቆሸሸ ብላ በመቀስ ቆረጠችውና ጣለችው። ክፋት አልነበራትም። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ልጁ አላለቀሰም። አንጓውን አየት አደረገና ዝም አለ። ምሳውን አልነካም። ሌሎቹ ሲተኙ እሱ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያንን አንጓውን በሌላው እጁ ጨብጦ ቀረ። አያቱ ሊወስዱት መጥተው በሩን ሲከፍቱ ነው ለቅሶው የፈነዳው።

ነገሩን ያስረዱን እሳቸው ናቸው፤ የልጁ አክስት እያስተረጎመች። ክሜሮች ሰው ውስጥ "ፕራሉንግ" የሚሏቸው አሥራ ዘጠኝ ነፍሳት አሉ ብለው ያምናሉ። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲታመም ከነዚህ አንዳንዶቹ ሸሽተው ይጠፋሉ። ያን ጊዜ "ሃው ፕራሉንግ" ይደረጋል፦ የጠፉት ነፍሳት በልመና፣ በማባበል ወደ ቤታቸው ይጠራሉ፤ ተመልሰው እንዳይሄዱም አንጓ ላይ ክር ይታሰራል። አያትየው ቅዳሜ ማታ ልጁን ታቅፈው ያደረጉት ይህንን ነው። ልጁ የገባው ደግሞ በልጅ አእምሮው ይህ ነበር፦ ደንግጬ ነበር፣ ተጠራሁ፣ ተመለስኩ፣ ታሰርኩ። እኛ ሰኞ መጥተን ፈታነው። እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ ያየሁት ማተቤን አንገቴ ላይ አስሬ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ያ ክር የትኛው ነበር፣ ፍቅሩ ወይስ ባህሉ? ጸሐፊው መለየት ከቻሉ ይንገሩኝ፤ እኔ አልቻልኩም። የደነገጠን ሕፃን ታቅፎ፣ በለሰለሰ ድምፅ ስሙን ጠርቶ፣ "አሁን ሙሉ ነህ" ብሎ፣ ለዚህም በዓይኑ የሚያየውን ምልክት መስጠት ስሜትን ማረጋጋት ይባላል። ስልጠና በላኩን ቁጥር የሚነግሩን ይህንኑ ነው፤ ክሩ ብቻ የለበትም።

አጠራራቸውንም ላንሣ፤ ጸሐፊው "ጨዋነት ኋላ ይማራል" ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ስለሆነ። በክሜርኛ የዕለት ንግግር ለሁሉም ሰው የሚሆን "አንተ" ብዙም የለም። ሰው የሚጠራው በዝምድና ስም ነው። ታላቅህ "ቦንግ" ነው፣ ታናሽህ "ኦን"። በዕድሜ ከወላጆችህ የምታንስ ሴት "ሚንግ" ናት፣ የሚያንስ ወንድ "ፑ" ነው፤ ከወላጆችህ የሚበልጥ ከሆነ ግን ሴትም ሆነች ወንድ "ኦም" ይባላል። ወንድ አያት "ታ"፣ ሴት አያት "ዬይ"። ሥጋ ዘመድ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ጎመን የምትሸጠዋም ሚንግ ናት። ልጅ ለእናቱ ሲናገር ራሱን "ኮን" ይላል፤ "ልጅ ውሃ ጠማው" እንደማለት። ስለዚህ የሦስት ዓመት ክሜር አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ነገር ያሰላል፦ ይህ ሰው ምኔ ነው? እኔስ ምኑ ነኝ? ጋሼ እና እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በዚያ ዕድሜ ማንነት የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ባንዲራቸው ላይ ያለውን ጥንታዊ መቅደስ፣ አንኮር ዋትን፣ መለየት ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ይህንን ከማንም በላይ ያወቁት ደግሞ ሊያጠፉት የተነሡት ናቸው። ክሜር ሩዥ የተባሉት የፖል ፖት ኮሚኒስቶች ኤፕሪል 17 ቀን 1975 ፕኖም ፔንን ይዘው ሕዝቡን ወደ ገጠር ነዱት። እስከ ጃንዋሪ 1979 ድረስ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሰው አለቀ፤ የአገሩ ሕዝብ በጠቅላላው ስምንት ሚሊዮን ገደማ ነበር። ትምህርት ቤት መዝጋታቸውን፣ መነኮሳቱን ቆብ ማስጣላቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ቤት ውስጥ የገቡት ነው። ቦንግን፣ ፑን፣ ኦምን በ"ሚት" ተኩ። ሚት ማለት ጓድ ማለት ነው። (በዚያው ዓመታት እኛም አገር ይህ ቃል ምን ይዞ እንደመጣ የሚያስታውስ ያስታውሳል።) ቤተሰብ ለብቻው እንዳይበላ የጋራ ማዕድ አወጡ፣ ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥለው በልጆች የሥራ ቡድን አሰፈሩ። ባህል ለሕፃን ትርፍ ቢሆን ኖሮ ያ አብዮት ከሕፃን አፍና ከቤት ድስት ጋር ምን አጣላው?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፦ ሁለት ቋንቋ ያደናግራል። ይህንን በ2020ዎቹ ውስጥ ሆኖ የሚጽፍ ሰው መኖሩ ገርሞኛል። ሕፃን ገና ሲወለድ እናቱ ማኅፀን ውስጥ ሆኖ ሲሰማው የነበረውን ቋንቋ ከሌላው ይለያል። "ቦንግ፣ ሂ ቱክ ማይ ትራክ" (መኪናዬን ወሰደብኝ) ብሎ የሚከስ ልጅ ግራ ገብቶት አይደለም፤ ታላቁን በክብር ስሙ ጠርቶ ክሱን ፈጣን በሆነለት ቋንቋ ማቅረቡ ነው። "ማሚ፣ ውሃ አይ ዋንት" የሚሉት የኛዎቹስ ምን አጠፉ?

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሊሊ ዎንግ ፊልሞር የተባሉት የካሊፎርኒያ ተመራማሪ በ1991 ባወጡት ጥናት ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ከአንድ ሺህ በላይ ቤተሰቦችን አይተው ነበር። ሕፃናት የቤታቸው ቋንቋ ሳይጠና እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ማቆያ ሲገቡ እንግሊዝኛውን የሚጨምሩት የቤቱን እየጣሉ ሆኖ ተገኘ። የሚከተለው ደግሞ አባት ልጁን የሚመክርበት፣ እናት የምታጽናናበት ቃል ማለቅ ነው። ካሊፎርኒያ በ1998 ሕዝበ ውሳኔ በሁለት ቋንቋ ማስተማርን በሕግ ካጠበበች በኋላ በ2016 በሌላ ሕዝበ ውሳኔ መልሳ ከፍታዋለች፤ ለዚያ ድፍን አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀባት። ካምቦዲያ ራሷ እንኳ በሰሜን ምሥራቅ፣ ራታናኪሪና ሞንዱልኪሪን በመሳሰሉ አውራጃዎች፣ የታምፑዋን፣ የክሩንግና የቡኖንግ ብሔረሰብ ልጆች በአፍ መፍቻቸው ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ክሜርኛ እንዲሻገሩ አድርጋለች፤ ለዚህም ከ2015 እስከ 2018 የሚቆይ ብሔራዊ ዕቅድ ነበራት። ክሜርኛ አውራ ቋንቋ በሆነበት አገር ይህ ከተሠራ፣ ክሜርኛ አናሳ በሆነበት ሎንግ ቢች ምን ይከለክለዋል?

ሦስተኛው ነጥብ፣ ባህሉ ስሜት ያፍናል የሚለው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ያስቸገረኝ።

ሳምፔያ የሚሉት ሰላምታ አላቸው። ሁለት መዳፍ ገጥመህ ትሰግዳለህ። ለእኩያ ደረትህ ላይ፣ ለአዋቂ አፍህ ድረስ፣ ለወላጅና ለአስተማሪ አፍንጫህ ድረስ ከፍ ይላል፤ ለመነኩሴ ከዚያም በላይ። ጸሐፊው ይህን አይተው "ልጁ እንዲያጎነብስ ይሠለጥናል" ብለው ጻፉ። እሺ፣ ያጎነብሳል። ኋላ ግን ታላቅየውም ያጎነብስለታል። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ እኔ መዳፌን ገጥሜ ካልመለስኩለት የማይንቀሳቀስ የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ፤ እስክመልስ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ስለ ስሜት ቃል ከተነሣ ደግሞ ክሜርኛ ድኻ አይደለም። "ቼት" የሚሏት ቃል አለች፤ ፓሊ ከሚባለው ከጥንቱ የቡድሃ መጻሕፍት ቋንቋ የመጣች ናት፣ ልብንም አእምሮንም አንድ ላይ ትይዛለች። ደስታ ሲሆን ሳባይ ቼት። ሲጨንቅ ፒባክ ቼት፣ ልብ ሲከብድ እንደማለት። ሲያዝኑ ኮች ቼት፣ ልብ ተበላሸ። ከሁሉም እኔን የያዘችኝ "ቶች ቼት" ናት። በቁሙ ሲተረጎም "ትንሽ ልብ" ነው።

ግድግዳችን ላይ አራት ፊት ያለው ሥዕል አለ፦ ደስ ያለው፣ ያዘነ፣ የተናደደ፣ የፈራ። ልጅ ሲከፋው ወስደን "የትኛው ነህ?" እንለዋለን። አንዲት ልጅ የዥዋዥዌ ተራዋ ደርሶ ሳለ አስተማሪዋ ረስታ ለሌላ ሰጠችባት። ሥዕሉ ጋ ወሰድናት። ጣቷ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረና ወረደ። አንዱም አልሆናትም። ማታ እናትየው ስትመጣ ነገርናት፤ ልጇን አየችና "ቶች ቼት" አለች። ባልደረባዬ ቃሉን በእንግሊዝኛ ለመተርጎም ስትታገል እኔ ወዲያው ገባኝ። ሆድ ባሳት ነው! አልተናደደችም፣ አልፈራችም፣ ማዘኗም ብቻውን አይደለም፤ ይወዱኛል ያለቻቸው ሰዎች ረሷት። ለዚያ ስሜት እንግሊዝኛው ሥዕል ላይ ፊት አልተሣለም። ልጅቷ ግን ቃሉ ነበራት፤ እኛ ነን ጆሮ ያልነበረን። ታዲያ ያንን ቃል ከስድስት ዓመት በኋላ አስተምሯት ማለት ለስድስት ዓመት ሆድ እንደባሳት ሳትናገር ትኑር ማለት አይደለም?

እውነት የሆነውን ግማሽ አልደብቅም። ክሜር ወላጆች ልጃቸውን ለአስተማሪ ሲሰጡ "አጥንቱንና ዓይኑን ብቻ ተውልኝ" የሚል የቆየ አባባል አላቸው። በ2013 ካምቦዲያ ውስጥ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በልጅነታቸው አካላዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ሴት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለባልዋ ተገዝታ እንድትኖር የሚያዝዘው "ችባብ ስሬይ" የተባለው ግጥም የዛሬ ካምቦዲያውያን ሴቶች ራሳቸው የሚሟገቱበት ነው። እኛስ "ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" እያልን አይደል ያደግነው? ዱላው ይቅር። እሱን ለማስቀረት ግን ሳምፔያውንም፣ ክሩንም፣ ቶች ቼትንም አብሮ መጣል ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? ችባብ ስሬይን እየተቹ ልጃቸውን በክሜርኛ እሹሩሩ የሚሉ እናቶች በየቀኑ በሬን ያንኳኳሉ።

አራተኛው ነጥብ፣ መከራው ይተላለፋል። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በጥሞና ነው ያነበብኳቸው። ቁስሉ እውነት ነው። በ2005 የታተመ ጥናት እዚሁ ሎንግ ቢች ከ35 እስከ 75 ዓመት ያሉ ከካምቦዲያ የመጡ ስደተኞችን አነጋግሮ፣ ከሰፈሩ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላም 62 በመቶው ከአስደንጋጭ ገጠመኝ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም፣ 51 በመቶው ከባድ ድብርት እንዳለባቸው አግኝቷል። ያ ትውልድ የዛሬዎቹ ልጆች አያት ነው። ሕመሙን የሚጠሩበት ስምም ከራሳቸው የወጣ ነው፦ "ኪት ችራን"፣ ሐሳብ በዛብኝ፤ "ባክስባት"፣ ወኔዬ ተሰበረ። ካምቦዲያዊው የአእምሮ ሐኪም ሶቴራ ቺም በ2022 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ያገኙት ይህንን የሕዝባቸውን ስብራት በሕዝቡ ቋንቋ ስላከሙ ነው።

ግን መከራው ወደ ሕፃኑ በምን በኩል ነው የሚገባው? እኔ እንዳየሁት በእሹሩሩ ውስጥ አይደለም። ልጁ ሩዝ ሲደፋ የሴት አያቱ ፊት በቅጽበት ይለዋወጣል፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። የአራት ዓመት ልጅ ባዶውን ቦታ በራሱ ጥፋት ይሞላዋል። ዝምታ ያስተላልፋል፤ ጸሐፊው መድኃኒት ብለው ያዘዙት ደግሞ ዝምታን ነው።

ለአራት ዓመት ልጅ የዚያ ዘመን የእስር ቤት ፎቶ ይታይ ያለ የለም፤ ማንም ይህን ቢያደርግ እኔው ራሴ እጣላዋለሁ። ባህሉ ግን ለልጅ የሚሆን መንገድ አበጅቷል። በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ለዐሥራ አምስት ቀን "ፕቹም ቤን" ይከበራል። ከንጋት በፊት ገና በጨለማው ፓጎዳ (የቡድሃ ቤተ መቅደስ) ይሄዳሉ፣ ሩዝ በእጃቸው አድቦልቡለው ለሙታን ይወረውራሉ፤ ዘመድ ለሌላቸውም፣ ማንም ስማቸውን ለማይጠራውም ጭምር። ልጅ እዚያ ሥራ አለው፦ ሳህን ይይዛል። የሞቱት የተራቡ ዘመዶች እንደሆኑ፣ እኛም እንደምናበላቸው ያውቃል። ለዕድሜው ይበቃዋል። ሩዝ ሲደፋ አያቱ ለምን እንደሚደነግጡም አንድ ቀን ከዚያው ተነሥቶ ይጠይቃል።

ስለ ቁስል ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ልጅ ሲታመም ጀርባውን በሳንቲም እየፋቁ ቀይ መስመር የሚያወጡበት "ኮስ ክያል" የሚባል ነገር አላቸው። በመጀመሪያው ዓመቴ አይቼው ተገርፏል ብዬ ለሪፖርት ብዕር አንሥቼ ነበር። መጀመሪያ መጠየቅ ይቻላል።

አምስተኛው፣ በዓመት ሁለት በዓል ይበቃል። ለዚህ ብዙ ቃል አላባክንም። በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚበላ ልጅ አላየሁም። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ የሚውለው አዲስ ዓመታቸው ያማረ ነው፤ የሐር ልብስ የለበሰች ልጅ ፎቶም ታምራለች። ግን የበዓሉ ጨዋታ እንኳ በበዓል አይወሰንም። ልጆቹ በአዘቦት ቀን ክብ ሠርተው መሬት ይቀመጣሉ፤ አንዱ የተጠመዘዘ "ክራማ" ይዞ በጀርባቸው በኩል ይዞራል። ክራማ በየቤታቸው የማይጠፋው ባለ ትንንሽ መስመር የጥጥ ፎጣ ነው። ዘፈኑ መሐረቡን ደብቅ፣ ድመት ተረከዝ ነከሰች ይላል። ዟሪው ክራማውን ከአንዱ ኋላ ጣል ያደርጋል፤ ዞሮ ማየት ክልክል ነው፣ በእጅ ብቻ ይዳሰሳል። መጀመሪያ ቀን ሳየው በቆምኩበት "መሐረቤን ያያችሁ!" አልኩ፣ "አላየንም ባካችሁ" የሚለኝ ሰው አጣሁ እንጂ። የአራት ዓመት ልጅ ጉጉቱን ይዞ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ተራውን ሲጠብቅ ማየት የፈለገ ይምጣ። ራስን መግዛት ለማስተማር በብር ገዝተን ካመጣናቸው ካርዶች ይልቅ ክራማው ሠርቶልናል።

ጸሐፊው በትክክል የያዙት አንድ ነገር አለ፦ ሕፃንን በግድ ፊደል አስቆጥሮ ማስለቀስ አይረባም። የክሜር ፊደል ተነባቢው ብቻ 33 ነው፣ ከሥሩ የሚንጠለጠሉ ሌላ መልኮችም አሉት፤ በቅዳሜ ትምህርት ቤት የአራት ዓመት ልጅ ለሁለት ሰዓት ማስቀመጥ ቋንቋውን ማስጠላት ነው። በዚህ እንስማማለን። እስከዚያው ጆሮውና አፉ ይሥራ።

"አስተማሪዎቹ ክሜርኛ ካልቻሉ ምን ያድርጉ?" ብለው ላነሡት ጥያቄም መልሱ ቀላል ነው። እኛ አያቶቹን እሹሩሩ እንዲሉልን ለመንን፤ በስልክ ቀድተን በእንቅልፍ ሰዓት እንከፍታለን። ሰው የሚጠራባቸውን ስሞች በወረቀት ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍን። ክር የታሰረለት ልጅ ቀለም ሲነካ አንጓው ላይ ፕላስቲክ እንጠቀልልለታለን። ከዚህ ሌላ ያወጣነው ነገር የለም።

እኔን ልጆቹ ሚንግ ነበር የሚሉኝ። ባለፈው ወር የመጣች አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ግን መዳፏን ገጥማ ሰገደችልኝና ቀና ብላ ፊቴን አየች፤ ፀጉሬንም አየች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ "ኦም" አለችኝ። ባልደረባዬ ሥቃ ልትሞት! እናትየዋ አፍራ ልታርማት ስትል ዕድሜዋን ጠየቅኋት። በሁለት ዓመት እበልጣታለሁ።